የጤፍን የዱር ዘመድ በጅማ ዙሪያ እንዴት ፈለግኩት፣ ምንስ ተማርኩ

ጅማ ውስጥ ስለ ዕፅዋት ጥበቃ ወሬ ከተነሳ፣ ወሬው የቡና ነው። ይገባዋልም። ጫካው እዚሁ ነው፤ አጋሮ አጠገብ ጮጬ ላይ ደግሞ የቡና ዝርያዎች በቁማቸው የሚጠበቁበት ማሳ አለ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው አንድ ሣር ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ኢራግሮስቲስ ፒሎሳ ይባላል። የጤፍ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ እዚህ የዱር ጤፍ እያልኩ እጽፋለሁ።

ለአንድ አረም ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ ለሚሉኝ መልሴ እንጀራ ነው። ተመራማሪዎች የጤፍ አያት ሊሆን ይችላል ብለው ከሁሉም አስቀድመው የሚጠረጥሩት ይህንን ሣር ነው። ሁለቱም 40 ክሮሞዞም አላቸው። ሲዳቀሉም ዘር የሚሰጥ ልጅ ይወልዳሉ። ቀይ ሙሪ የተባለው ጤፍ ከዚህ ሣር ጋር ተዳቅሎ የጤፍን የዘረመል ካርታ ለመሥራት አገልግሏል። የጤፍ ገበሬ ትልቁ ራስ ምታት መጋሸብ ነው። አገዳው ቀጭን ስለሆነ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይተኛል፣ ምርቱም ይበላሻል። የዱሩ ዘመድ አጭር ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። አጭር ቁመትና ፈጥኖ መድረስ ለጤፍ ማሻሻያ የሚፈለጉ ጠባዮች ናቸው። እነሱ ደግሞ ያሉት በየቦዩ ዳር በምንረግጠው ሣር ውስጥ ነው።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ፍለጋውን የጀመርኩት በአጉሊ መነጽር፣ በአሮጌ ጋዜጣና በወረቀት ፖስታ ነው። መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ጊዜ ሁሉንም እንደሚወስን ነው። ሣሩ አመታዊ ነው። በዝናብ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ይሞታል። በጋውን የሚያልፈው አፈር ውስጥ በዘር መልክ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ብትወጡ፣ የለም ብላችሁ ትመለሳላችሁ። መስከረም ከገባ በኋላ፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ እያለ መውጣት ይሻላል። ያኔ የዱሩ ቀድሞ ስለሚበስል ከጤፉ መሃል ይለያል።

መለየቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በአገራችን 54 ያህል የዚህ ወገን ሣሮች እንዳሉ ይነገራል፣ 14ቱ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። ሳያብብ በፊት የዱሩን ከጤፍ መለየት ለእጅም ለዓይንም ከባድ ነው። አራሚው ሳይነካው የሚያልፈውም ለዚህ ነው። ካበበ በኋላ የዛላውን ታችኛ ቅርንጫፎች መነሻ በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ረጃጅም ፀጉሮች ይታያሉ። ዘለላዎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ወደ ግራጫና ሐምራዊ ያደላሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ግን መዳፍን ነው። የበሰለውን ዛላ መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። የዱሩ ወዲያው ይረግፋል። ጤፍ ግን ፍሬውን እስከ ውቂያ ድረስ ይዞ ይቆያል፤ የሰው እጅ ያረፈበት መሆኑን የሚያሳየው ዋናው ልዩነትም ይኸው ነው።

ሰርቦ አካባቢ አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ያስተዋወቀን የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው። ያለ እሱ የሰው ማሳ ውስጥ መግባት ነውር ይሆንብኝ ነበር። «አባባ፣ ይህን ሣር ያውቁታል?» አልኳቸው።

«እንዴት አላውቀው ልጄ! ጤፉ ሳይደርስ ይደርስና ይረግፋል። ለከርሞ ደግሞ መሬቱ ውስጥ ይጠብቀናል።»

እኔ ብዙ ገጽ አንብቤ የደረስኩበትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ የትም ቦታ ስሄድ መጀመሪያ ገበሬውን እጠይቃለሁ።

መኖሪያውን በተመለከተ ከሰርቦ እስከ ናዳ ባሉት የጤፍ ማሳዎች ጠርዝ፣ በጠጠር መንገድ ዳር፣ በቦይ አፍና ከተማው አጠገብ ባለው የቦዬ ረግረግ ዳርቻ ነው የፈለግኩት። የሚስማማው አፈሩ የተገለጠ፣ እርጥበት ያለው፣ በእርሻ ወይም በከብት እግር የተነካ መሬት ነው። ጥላ አይወድም። ከቋሚ ሣር ጋር መታገልም አይችልም።

ይህ ነው የጥበቃ ሐሳቤን የለወጠው። ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አጥር ነው። ከተማሪዎቼ ጋር በግቢያችን ጥግ ትንሽ መሬት ለሁለት ከፈልን። ግማሹን በየክረምቱ መግቢያ ቆፈርነው፣ ግማሹን አጥረን ተውነው። የታጠረውን ሰርዶና ሙጃ ወረሱት። የዱር ጤፉ የታየው በተቆፈረው በኩል ነው። ለጫካ ዛፍ መዳኛ የሚሆነው አጥር ለዚህ ሣር መጥፊያው ነው። እሱን ለመጠበቅ ማረሻውም፣ ከብቱም፣ ገበሬውም በቦታቸው መኖር አለባቸው።

ታዲያ ሣሩ ሊጠፋ ነው ወይ? እንደ ዝርያ አይደለም። ከአፍሪካ እስከ እስያ በሰፊው ይበቅላል። እኔን የሚያሳስበኝ የእኛ አካባቢው ነው። የጅማን ዝናብና አፈር ለምዶ የኖረው ሣር ከሌላ አገር ከመጣው ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ እንዳለው መገመት አይቻልም። የጤፍ ማሳ ወደ ጫትና ወደ ባሕር ዛፍ ሲቀየር በየዓመቱ የሚታረሰው መሬት ይጠፋል። የጠጠር መንገዱ ዳር በኮብልስቶን፣ ቦዩም በኮንክሪት ይሸፈናል። ረግረጉ ዳር ቤት ይሠራበታል። ልማቱን አልቃወምም፤ እኔም የምሄደው በዚያው መንገድ ነው። ከመሸፈኑ በፊት ዘሩ ይሰብሰብ ነው የምለው።

ለዚህ ሣር የተመቸው አንድ ነገር አለ። የቡና ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ለረጅም ዘመን መቀመጥ ስለማይሆንለት ጮጬ ላይ ዛፉ ራሱ በቁሙ መጠበቅ አለበት። የሣር ዘር ግን በደንብ ከደረቀ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። አገሪቱም ለዚህ ተቋም አላት፤ የዛሬው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በ1968 ዓ.ም. የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ሆኖ የተጀመረ ነው። የጤፍ ናሙናው በሺዎች ይቆጠራል። የዱር ዘመዶቹም ያን ያህል ትኩረት ቢያገኙ እመኛለሁ።

ዘር መሰብሰብ የምትፈልጉ ካላችሁ ሕጉን ቀድማችሁ እወቁ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰቡን ዕውቀት ይመለከታል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ፈጽሞ አይታሰብም። ከአንድ ቦታ ስትሰበስቡ ከተቻለ ከ50 በላይ ተክሎች ላይ ጥቂት ጥቂት ውሰዱ፣ ከበሰለው ዘር ከአምስት አንድ እጁን አትለፉ። ፕላስቲክ ዘሩን ያሻግተዋል፤ ወረቀት ተጠቀሙ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። የተገኘበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና አጠገቡ የበቀለውን ሁሉ ጻፉ። ማስታወሻ የሌለው ዘር ለተመራማሪ ብዙም አይረባም። ሙሉውን ተክል ከነሥሩ በጋዜጣ መሃል ማድረቅም ያስፈልጋል፤ ሌላ ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጠው በእሱ ነው።

ገበሬውን አረምህን ተውልኝ ማለት አይቻልም። የልጆቹ ቀለብ ነው። ከሰርቦው አባት ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ጤፉ ውስጥ የገባውን እንደ ልማዳቸው ያርማሉ። ከቦዩ ወዲያ ያለችውን፣ ውሃ ስለሚተኛባት ጤፍ የማይዘሩባትን ጠርዝ ግን ይተዉልኛል። ዘሩ ወደ ማሳቸው እንዳይሻገር፣ ሊረግፍ ሲቃረብ እኔና ተማሪዎቼ ሄደን በማሳው በኩል ያለውን እናጭዳለን። ሌሎች ገበሬዎችም በዚሁ መንገድ እንዲሞክሩት አሁን ከልማት ሠራተኛው ጋር እየተነጋገርን ነው።