አውሮፕላኑ ጫማ አጥልቋል እንዴ?

ባለፈው ዓመት እዚህ ካናዳ የኤድመንተን ብርድ ቤት ሲቆልፍብኝ የሌለ አውሮፕላን ሠራሁ፤ የፕላስቲክ ሞዴል። የሌለ ስል አልጨረስኩትም ማለቴ አይደለም። ጨርሼዋለሁ፤ መደርደሪያዬ ላይ ቆሟል። በታሪክ ውስጥ ግን አልነበረም።

የካናዳ ሮያል አየር ኃይል ኔፕቱን የሚባል የባሕር ቅኝት አውሮፕላን ነበረው። ከ1955 ጀምሮ 25 ተረክቧል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰርጓጅ መርከብ ፍለጋ ውቅያኖስ ላይ ሲዞሩ ይውሉና ተመልሰው አስፋልት ላይ በጎማ ያርፋሉ። የኔ ኔፕቱን ግን በረዶ ላይ ያርፋል፤ ስኪ፣ ማለት በረዶ ላይ የሚያንሸራትት ረጅም ጠፍጣፋ እግር አለው። እንዲህ ያለውን ሞዴል «ቢሆን ኖሮ» እለዋለሁ።

ሐሳቡን ከባዶ አላመጣሁትም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አራት ኔፕቱኖችን ስኪ አስገጥሞ አንታርክቲካ ላይ አብርሯል። እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነገር ነው፦ ካናዳም ይህን ብታደርግስ? በ1957 የካናዳን ሰሜን ጫፍ የሚያቋርጥ የራዳር መስመር ሥራ ጀምሮ ነበር። ጣቢያዎቹ ብቸኛ ነበሩ፣ አካባቢው በረዶ ነው። በረዶውን ሲቃኝ የዋለ ኔፕቱን አንዱ ጣቢያ አጠገብ አርፎ የታመመ ሰው ቢያነሣ ምን ይለዋል? ይቺን ታክል ታሪክ ይዤ ጀመርኩ።

ኪቱ፣ ማለት የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ክፍል ስብስብ፣ የድሮ የጃፓን ነው፤ መጠኑ 1/72፣ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 44 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን የምግብ ጠረጴዛችንን ግማሽ ያዘ። ባለቤቴ ለሁለት ወር ታገሰችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም።

መጀመሪያ የሠራሁት ጥንድ ስኪ በጣም ያምር ነበር። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጎማውን አውጥቼ በቦታው ስኪ ለጠፍኩ፤ አለቀ። ከዚያ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳየው አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ይሄ አውሮፕላን ከየት ነው የሚነሣው? ጦር ሰፈሩ ምሥራቅ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሻ፣ ግሪንዉድ ነው። ወሩ ሐምሌ ቢሆንስ? አስፋልት ላይ በስኪ ሊንሸራተት ነው? ሁለቱንም ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው።

በረዶ ላይ የሚያርፉት እውነተኞቹ ከባድ አውሮፕላኖች ጎማውንም ስኪውንም ይይዛሉ። ስኪው መሐሉ ክፍት ነው፤ ጎማው በዚያ በኩል ብቅ ይላል። አስፋልት ላይ ስኪው ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ በረዶ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከጎማው በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥንድ ክፍተት ያስፈልገዋል፣ ክፍተት ካለው ደግሞ ሰፋ ማለት አለበት። ስንት ይስፋ?

እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ። ስኪ ያለው የጭነት አውሮፕላን ሄርኩለስ፣ ኤልሲ-130፣ ሙሉ ጭነት ሲይዝ 70 ቶን ገደማ ይመዝናል። የዋናዎቹ ስኪዎች ርዝመት 6 ሜትር ያህል ነው። የሦስቱንም ስኪዎች የወለል ስፋት ደምሬ ክብደቱን ሳካፍልለት አንድ ካሬ ሜትር በረዶ ከ2.7 እስከ 2.8 ቶን ይሸከማል። የኔው ኔፕቱን ሙሉ ክብደቱ 36 ቶን ግድም ነው። በዚያው ሒሳብ ዋናው ስኪ 4.8 ሜትር በ1.2፣ የአፍንጫው ደግሞ 2.4 በ0.8 ወጣ። ለ72 ሲካፈል ዋናው 67 ሚሊ ሜትር በ17 ሆነ። በዓይኔ ግምት ሠርቼ የጣልኳቸው 48 ሚሊ ሜትር ነበሩ። ያ አውሮፕላን ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ማረፊያው በረዶ ውስጥ እስከ ሆዱ ይሰምጥ ነበር።

የስኪውን አፍንጫ ማጉበጥ ሌላ ጣጣ ነው። በሻማ ሞከርኩ፤ ፕላስቲኩ እንደ አይብ ተኮማተረ። የሠራልኝ ዘዴ ይሄ ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የፕላስቲክ ሉህ ወፍራም ማርከር ላይ በፕላስተር አስሬ የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ማርከሩን ሳወጣው ጉብጠቱ እንዳለ ቀረ። ሦስቱንም በአንድ ማርከር ስላጎበጥኳቸው መንታ መሰሉ።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። አየር ላይ ጎማው ወደ ሞተሩ ቋት (ሞተሩን ወደያዘው ገላ) ሲገባ ስኪው የት ይገባል? የትም አይገባም፤ ከቋቱ ሥር ተለጥፎ ይበራል። ስለዚህ የጎማ መዝጊያዎቹ እስከ ታች ድረስ ሊዘጉ አይችሉም። እያንዳንዱን ከታች ቆረጥኩ፣ የቋቱን ሆድ ጠፍጣፋ አደረግሁና ዙሪያውን በስቱኮ ሞላሁት። በወፍራሙ። በአንድ ጊዜ።

አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ባቲላሜራ ሠርቷል። ልጅ ሆኜ ጋራዡ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት አቀብለው ነበር። በቪዲዮ ስንነጋገር ሞዴሉን አሳየሁት።

«አውሮፕላኑ ጫማ አጥልቋል እንዴ?» አለና ሳቀ።

«በረዶ ላይ ነው የሚያርፈው ጋሼ።»

«ይሁን። ስቱኮውን ግን ስንት ጊዜ ቀባኸው?»

«አንድ ጊዜ።»

ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ። «ስቱኮ በስሱ ነው። ትቀባለህ፣ ይደርቃል፣ ትፍቃለህ። ደግሞ ትቀባለህ። ወፍራሙ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ቀለም ከገባ በኋላ ይሰጥምብሃል።»

እሺ አልኩ። የቀኙን ሞተር ፍቄ በአራት ስስ ዙር ሞላሁት። የግራው ደህና ይመስል ስለነበር አለፍኩት።

ቀጥሎ ክብደት መጣ። ኔፕቱን የአፍንጫ ጎማ ያለው አውሮፕላን ነው። ፊቱ ላይ ክብደት ካልተጨመረ ሞዴሉ በጭራው ይቀመጣል። በዚያ ላይ ጭራው ላይ ሰርጓጅ የሚያነፈንፍበት ረጅም ዘንግ አለ። አፍንጫው ደግሞ መስታወት ነው፤ ውስጡ የተደበቀ ነገር ሁሉ ይታያል። ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን የእርሳስ ብረት ገዝቼ ከፊሉን ከአብራሪዎቹ ወለል ሥር፣ ከፊሉን ሞተሮቹ ውስጥ ከፕሮፔለሩ ጀርባ አጎርኩ። ሰውነቱን ከማጣበቄ በፊት በፕላስተር ይዤ መሞከሬ ጠቀመኝ። መጀመሪያ የገመትኩት አልበቃም ነበር፤ ተጣብቆ ቢሆን ማልቀስ ነው።

ስኪው አየር ላይ አፍንጫው ወደ ታች እንዳይደፋ ከፊትና ከኋላ በገመድ ይያዛል። እሱን በሻማ አለስልሼ በሳብኩት የፕላስቲክ ክር ሠራሁት። በጣም ቀጭን፣ በጣም ቆንጆ። ሦስቴ በእጅጌዬ በጠስኩት። በአራተኛው ስስ ላስቲክ ክር ገዛሁ፤ ስትነካው ይለጠጥና ይመለሳል። ቆንጆውን ክር ጎን ለጎን ካላስቀመጥከው ልዩነቱ አይታይም።

አንድ ጠዋት፣ 27 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ልጄ ማታ ውጭ የረሳችውን የበረዶ መንሸራተቻ ላነሣ ወጣሁ። አልነቃነቅ አለኝ። ማታ ሥሩ ትንሽ ቀልጦ ሌሊት መልሶ ቆርፍዷል። በጫማዬ ረግጬ ነው ያላቀቅሁት። ያኔ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ጥቅምት 31 ቀን 1956 አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዲሲ-3 በስኪ ደቡብ ዋልታ ላይ አረፈ። (ያው የኛ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረበት ዘር ነው።) የጉዞው መሪ አድሚራል ዱፌክና ጓዶቹ 49 ደቂቃ ቆዩ። ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ነበር። ሊነሡ ሲሉ ስኪው በረዶው ላይ ተጣብቋል፤ ሞተሩ ብቻውን አልቻለም። የተነሡት ከጎኑ የታሰሩትን 15 ትንንሽ የመነሻ ሮኬቶች አከታትለው ለኩሰው ነው።

ወዲያው ገብቼ ለኔው አውሮፕላን በየጎኑ አራት አራት ሮኬት ሠራሁለት። ከኪቱ ከተረፈው ክብ የፕላስቲክ ዘንግ ቆርጬ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አድቦለቦልኩት። ከስኪዎቹም ሥር ቀጫጭን ሳንቃ አነጠፍኩ። የሰሜን አብራሪዎች ሲያድሩ ስኪያቸውን እንጨት ላይ ያቆማሉ፤ እንዳይጣበቅ። ሰው መጥቶ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሳንቃዎቹ ነው።

ቀለሙን ቶሎ ልለፈው። ሆዱ ግራጫ፣ ጣሪያው ነጭ፣ ጭራውና የክንፎቹ ጫፍ ቀይ። ቀዩ ለጌጥ አይደለም፤ በረዶ ላይ የወደቀ አውሮፕላን ከሩቅ እንዲታይ ነው። ቀዩ በማስክ ቴፑ ሥር ሾልኮ ነጩን በከለው። አሁን ቴፑን ከለጠፍኩ በኋላ ጠርዙን መጀመሪያ በነጩ እቀባዋለሁ። የሚሾልከው ነጭ ነጭ ላይ ነው፤ ከዚያ ቀዩ መግቢያ ያጣል።

ባንዲራው ግን አዋረደኝ። ጭራው ላይ ቀዩን የሜፕል ቅጠል ለጥፌ፣ ዲካሉ (በውኃ የሚለጠፈው ሥዕል) ደርቆ፣ ቫርኒሽ ሁሉ ገብቶ አለቀ። ታሪኬ የተጻፈው ለ1962 ነበር። አንድ ሞዴል ሠሪ ወዳጄ አየውና «ባንዲራው ሦስት ዓመት ቀድሞ ደርሷል» አለኝ። የሜፕል ቅጠሉ ባንዲራ ሥራ ላይ የዋለው በየካቲት 1965 ነው፤ ከዚያ በፊት ጥጉ ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ያለበት ቀይ ባንዲራ ነበር። ዲካሉን መላጥ ማለት ቀለሙን መላጥ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ወደ 1966 አዛወርኩት። የካቲት 1968 ላይ አየር ኃይሉ ከምድር ጦሩና ከባሕር ኃይሉ ጋር ተዋህዶ ስሙ ስለቀረ ያለኝ ክፍተት ሦስት ዓመት ብቻ ነበር። እንደ ምንም ገባሁበት።

በረዶውን መጀመሪያ በቤኪንግ ሶዳና በነጭ ሙጫ ሠራሁት። አማረ። ከአራት ወር በኋላ ቢጫ ሆነ፤ አውሮፕላኑ ሽሮ ላይ ያረፈ መሰለ። መሠረቱን ነቅዬ ለሞዴል ተብሎ በሚሸጠው በረዶ እንደገና ሠራሁ፣ ከስኪዎቹ ጥላ በኩል ትንሽ ሰማያዊ ነካ አደረግሁበት። የእውነቱ በረዶ ጥላ ውስጥ ነጭ አይደለም፤ በመስኮት ወጣ ብሎ ማየት ነው።

ያለቀ ቀን ለአጎቴ ደወልኩ። ስልኩን እያዞርኩ አሳየሁት፦ ስኪውን፣ ገመዱን፣ ሮኬቶቹን።

«ግራ ሞተሩ ላይ ጠጋ አድርገው» አለኝ።

ጠጋ አደረግሁት። ከቋቱ ሥር፣ ስኪው የሚለጠፍበት ጋ፣ ነጩ ብርሃን ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ገባ ብላ ትታያለች። በዓይኔ አላየኋትም ነበር።

«እዚህ ጋ ቸኩለሃል» አለ።

«አዎ ጋሼ፣ ቸኩያለሁ።»