ጉዱ ካሳ እና ያናደደኝ መጽሐፍ

ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና ገለጥኩት። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ግን ጉዱ ካሳ አፉን በከፈተ ቁጥር ዛሬም ያስደነግጣል። (እኛ ጎጃሞች ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ አገራችን ማንኩሳ ስትነሳ ጆሯችን ይቆማል፣ ምን ይደረግ!) ብዙ ሰው የሚያነሳው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። ለኔ ግን መጽሐፉ የጉዱ ካሳ ነው። ዘመዶቹን ባላባቶች ፊት ለፊት ይናገራል፣ እብድ ይሉታል፣ እሱ እቴ! የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ሲኮሩ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። አጠገቤ ቡና የምታፈላው ልጅ «ደህና ነሽ?» አለችኝ።

በቀደም የገዛሁት የስኬት መጽሐፍ ግን አናደደኝ። ትርጉም ነው። አንዷን ሐሳብ ይዞ እስከ መጨረሻው ገጽ ያላምጣታል። «በሌሊት ተነሱ፣ ሀብታም ትሆናላችሁ» ይላል። የሰፈራችን እንጀራ ጋጋሪዎች በሌሊት መነሳት ከጀመሩ ስንት ዘመናቸው! ግማሽ ላይ ተውኩት፤ ብሬ ግን ይቆጨኛል።

በነገራችን ላይ የበዓሉ ግርማን ልቦለድ «ኦሮማይ»ን ያላነበባችሁ ካላችሁ አውሳለሁ። ገጽ የሚያጥፍ ሰው ግን እንዳይጠይቀኝ።