ናይትሬት አልወርድ ሲል የካርቦኑን መጠን አትጨምሩ

በኮራል አኳሪየም ውስጥ ባክቴሪያን ካርቦን እየመገቡ ናይትሬትንና ፎስፌትን መቆጣጠር ይቻላል። እኔ አድርጌዋለሁ፣ አሁንም እያደረግሁት ነው፣ ውጤቱም ያኮራኛል። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ ተብለው በሚሸጡት ጠርሙሶች ላይ ታትሞ የሚመጣው መመሪያ አንድ ትልቅ ነገር ሳይናገር ያልፋል። ያ ያልተነገረ ነገር ለዓመታት ካሳደግኋቸው አክሮፖራ የሚባሉ ቅርንጫፋማ ድንጋያማ ኮራሎች ብዙዎቹን ገደለብኝ። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ለዓሣ የምንሰጠው ምግብ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይገባል። ናይትሮጅኑ ከአሞኒያ ወደ ናይትራይት ተለውጦ በመጨረሻ ናይትሬት ይሆናል፤ ፎስፈረሱም ፎስፌት ሆኖ ይከማቻል። ሁለቱ ሲበዙ ድንጋዩን አልጌ ይወርሰዋል፣ ኮራሉም ደማቅ ቀለሙን አጥቶ ቡናማ ይሆናል። በውኃው ውስጥ ግን እነዚህን ሁለት ነገሮች ወስደው ሰውነታቸውን የሚገነቡ ባክቴሪያዎች ሞልተዋል። እንዳይባዙ የሚያግዳቸው አብዛኛውን ጊዜ የካርቦን እጥረት ነው። በቮድካ ውስጥ ያለውን ኤታኖል ወይም በአቼቶ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ ስንሰጣቸው ይባዛሉ፣ ናይትሬቱንና ፎስፌቱንም ይወስዳሉ። ከዚያ ስኪመሩ፣ ማለትም ቆሻሻን በአየር አረፋ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ከነያዙት ነገር ከአረፋው ጋር ያወጣቸዋል፤ ከተረፉትም ኮራሎችና ስፖንጆች ይመገባሉ። ጠንካራ ስኪመር የሌለው ሰው ይህን መንገድ ባይጀምር ይሻለዋል፤ ያልወጣ ባክቴሪያ ሲሞት የያዘውን ሁሉ መልሶ ውኃው ውስጥ ይለቀዋልና።

አጀማመሬን በአጭሩ ላሳልፈው። 40 በመቶ አልኮል ያለው፣ ስኳርም ሆነ ማጣፈጫ ያልገባበት ቮድካ መረጥሁ። ለ100 ሊትር ውኃ በቀን 0.1 ሚሊ ሊትር ብዬ ጀመርሁና በየሳምንቱ በጥቂቱ ከፍ አደረግሁት። የምጨምረው ጠዋት፣ መብራቱ ከበራ በኋላ፣ ውኃው ወደ ስኪመሩ በሚያመራበት ቦታ ነው። በኋላ ወደ አቼቶ ተዛውሬያለሁ። 5 በመቶ አሲድ ካለው አቼቶ 8 ሚሊ ሊትር የሚሰጠው ካርቦን ከ1 ሚሊ ሊትር ቮድካ ጋር ይቀራረባል፤ መጠኑ ከፍ ስለሚል በሲሪንጅ ለመለካት ይመቻል። አብሮ የሚሸጠውን የባክቴሪያ ጠርሙስም ገዝቼ ነበር። መመሪያው በየሳምንቱ ጨምሩ ይላል። ድንጋዩና አሸዋው ከተረጋጋ ቆየት ላለ አኳሪየም ያ ጠርሙስ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ካርቦኑን የሚጠቀሙት ባክቴሪያዎች ቀድሞውኑ እዚያው አሉ። መጨመሩን ሳቆም በመለኪያዎቼ ላይ ምንም ለውጥ አላየሁም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ። ናይትሬቱ ከ40 ሚሊ ግራም በሊትር ወደ 25 ወረደ። ፎስፌቱ ከ0.12 ተነሥቶ መለኪያው ሊያየው ከማይችለው መጠን በታች ሆነ። መስተዋቱ ላይ በየሁለት ቀኑ የምጠርገው አረንጓዴ ሽፋን ጠፋ። ከዚያ ናይትሬቱ 25 ላይ ቆመ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ንቅንቅ አላለም።

መመሪያው ለዚህ መልስ አለው፦ ናይትሬት ካልወረደ መጠኑን ጨምሩ። ጨመርሁ። አሁንም 25 ነው። ለጠርሙሱ አቅራቢ ጽፌ ጠየቅሁ፤ መለኪያዎቼን በሙሉ፣ የፎስፌቱን ዜሮ ጨምሮ፣ ዘርዝሬ ላክሁ። የመጣው መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፎስፌቴ ዜሮ መሆኑ ታላቅ ስኬት እንደሆነ ገልጸው፣ ለናይትሬቱ ደግሞ መጠኑን እጥፍ እንዳደርግ መከሩኝ። ቁጥሮቹ ፊታቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ይህን ጻፉልኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እንመልከተው። በውቅያኖስ ተመራማሪው በአልፍሬድ ሬድፊልድ ስም የሚጠራ ምጣኔ አለ፦ በባሕር ፕላንክተን አካል ውስጥ 106 የካርቦን አቶም ሲኖር 16 የናይትሮጅንና 1 የፎስፈረስ አቶም ይኖራል። በክብደት ወደ ናይትሬትና ፎስፌት ሲመለስ በግምት 10 ለ 1 ነው። ባክቴሪያ በትክክል ይህን ምጣኔ አይከተልም፤ ከዚህም ሌላ ኦክስጅን በማይደርስበት የድንጋይ ውስጠኛ ክፍል ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። በኔ አኳሪየም ናይትሬቱ እስከ 25 የወረደው በዚህም በዚያም ነው። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ፎስፌት ካለቀ ባክቴሪያው አዲስ አካል መሥራት አይችልም፤ አዲስ አካል ካልሠራ ናይትሬቱን አይወስድም። በዚህ ጊዜ ካርቦን መጨመር ሲሚንቶ ላለቀበት ግንበኛ ጡብ እንደ ማቀበል ነው። ይህን በጠርሙሱ ላይ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት የመጣው ካልጠበቅሁበት ቦታ፣ ከአልካሊኒቲ፣ ማለትም በውኃው ውስጥ ካለው የካርቦኔት መጠን ነው። ድንጋያማ ኮራሎች አጽማቸውን ሲሠሩ አልካሊኒቲን ይጠቀማሉ፤ የሚጠቀሙትን ያህል በየቀኑ በፓምፕ እየተካሁ 8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ላይ ይዤው ነበር። ፓምፑን ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ወደ 9፣ ከዚያም ከ9 በላይ ወጣ። ኮራሎቹ ማደግ አቁመዋል ማለት ነው። በተራበ ኮራል ላይ ከፍ ያለ አልካሊኒቲ ሲታከል ደግሞ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ይቃጠላል። አንዱን ሰማያዊ አክሮፖራ በማጉያ መነጽር ተመለከትሁት። በማደግ ላይ ያለ ጤናማ ጫፍ ነጣ ይላል፤ ነገር ግን ሥጋ የለበሰ ነው። ይህኛው ሥጋው ተገፎ የአጽሙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ደግሞ ሰማያዊነቱ ደብዝዞ፣ ፖሊፖቹ (ኮራሉ የሚመገብባቸው ጥቃቅን አካላት) ወደ ውስጥ ተሸጉጠው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሳይንሳዊ መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ናይትሬት በዝቶ ፎስፌት ሲጠፋ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በፎስፈረስ ረኃብ ይጎዳሉ፤ ኮራሉም ለሙቀትና ለብርሃን ያለው መቋቋም ይቀንሳል፣ በቀላሉም ይነጣል።  ጥናቱን ፎስፌት ማጥፊያ የሚሸጡ ሰዎች ሊያነቡት ይገባ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አሸዋው ላይ ቡናማ ልጋግ ታየ። ጠዋት ስስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ክር እየሠራ ይነሣል፣ በየክሩ ጫፍ ላይም የአየር አረፋ ይቋጠራል፤ ሌሊት ይጠፋል። ቀንድ አውጣዎቹ እየወደቁ መሞት ጀመሩ። አቅራቢው ፎቶውን አይቶ ተራ ዲያቶም (ጉዳት የሌለው ጥቃቅን አልጌ) ነው፣ ባክቴሪያ ጨምርበት አለኝ። አላመንሁትም። ጥቂት ልጋግ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጬ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጠለልሁና መብራት ሥር አኖርሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በተጣራው ውኃ ውስጥ ክሩ ተመልሶ ተሳሰረ። ይህ ዳይኖፍላጄሌት የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ጠባይ ነው። በማይክሮስኮፕ ስመለከተውም የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው ሕዋሶች በአንድ ነጥብ ላይ ታስረው የሚሽከረከሩ ይመስሉ ነበር፦ ኦስትሪዮፕሲስ የሚባለው የዳይኖፍላጄሌት ዓይነት። ይህ ዝርያ መርዛም ነው፤ የቀንድ አውጣዎቹም አሟሟት በዚህ ይገለጻል። ናይትሬት ወይም ፎስፌት ዜሮ ሲገባ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ይዳከማሉና ሜዳው ለእሱ ይለቀቅለታል።

መድኃኒቱ ፎስፌት መመለስ እንደሆነ ተረዳሁ። ለአቅራቢው ስጽፍ በዚህ ተስማሙ፤ ካርቦኑን ግን ባለበት መጠን ቀጥል አሉኝ። ይህ ሁለተኛው ጥፋት ነው፤ ከመጀመሪያውም ይብሳል። ፎስፌቱን በጨመርሁ ማግስት፣ መብራቱ ገና ሳይበራ፣ ውኃው ነጥቶ ደፍርሶ የኋላው መስተዋት አይታይም ነበር። ዓሣዎቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን በፍጥነት እያንቀሳቀሱ አየር ይፈልጋሉ። የስኪመሩ ጽዋ ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሷል። በኔ ግምት ሳይበላ የከረመው ካርቦን የጎደለውን ፎስፌት ሲያገኝ ባክቴሪያው በአንድ ሌሊት ከልክ በላይ ተባዛ። ባክቴሪያው ደግሞ ይተነፍሳል። የጨው ውኃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 6.7 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ነው፤ ከጨው አልባ ውኃ ያነሰ ነው። ሌሊት ኦክስጅን የሚያመነጭ ብርሃን የለም። ትልቁ ቢጫ ታንግ አልተረፈም። ያ ዓሣ ከእጄ ምግብ ይበላ ነበር፤ ያንን ምክር የጻፈውን ሰው ይቅር ለማለት እስካሁን አልቻልሁም።

እንዲህ ያለ ጠዋት ከገጠማችሁ የመጀመሪያው ሥራ ኦክስጅን ነው። የአየር ፓምፕ ክፈቱ፣ የውኃ ማዞሪያዎቹን አፍ ወደ ላይ አዙሩና ገጹን አናውጡት፣ የስኪመሩን ጽዋ አውልቃችሁ አረፋው ወደ ታችኛው ገንዳ ይፍሰስ፤ አየር ማስገባቱን እንዳያቆም ብቻ ተጠንቀቁ። ካርቦኑን በዚያው ቅጽበት አቁሙ። ውኃ መቀየር ይረዳል፤ ነገር ግን አየሩ ይቀድማል።

ማገገሙ ወራት ወሰደ። ፎስፌቱን የተካሁት 12 የውኃ ሞለኪውል ባለው ትራይሶዲየም ፎስፌት ነው። 4 ግራሙን በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ስታሟሙት፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር የ100 ሊትር አኳሪየምን ፎስፌት በ0.01 ሚሊ ግራም በሊትር ከፍ ያደርጋል። ጠንካራ ፍሰት ባለበት ቦታ በቀስታ ጨምሩት። በማግስቱ ስትለኩ ዜሮ ብታገኙ አትደንግጡ፤ የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይና አሸዋ ፎስፌትን ይይዛል፣ እስኪረካም ድረስ ይውጣል። እኔ ቁጥሩ 0.05 ላይ እስኪረጋ ድረስ በየቀኑ እየለካሁ ተካሁ። ለኦስትሪዮፕሲስ የአልትራቫዮሌት መብራት ጠቅሞኛል፤ ሌሊት ከአሸዋው ለቆ ውኃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ መብራቱ ያገኘዋል። በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረውን ሌላውን ዳይኖፍላጄሌት፣ አምፊዲኒየምን ግን እንዲህ አታሸንፉትም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በማይክሮስኮፕ ለዩት።

ስለ መለኪያ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንድ ዲጂታል መሣሪያዎች የሚያሳዩት ፎስፌትን ሳይሆን ፎስፈረስን፣ ያውም በማይክሮ ግራም ነው፤ ቁጥሩን በ3.066 አባዝታችሁ ለ1000 ማካፈል አለባችሁ። የናይትሬት መመርመሪያዎች ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ለውጠው ስለሚለኩ፣ ውኃው ውስጥ ትንሽ ናይትራይት ካለ ውጤቱን እጅግ ያጋንኑታል። ናይትሬት አልወርድ አለ ብላችሁ ከመበሳጨታችሁ በፊት ናይትራይቱን ለኩ።

ዛሬ የምከተለው መንገድ በጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። መመሪያው ዜሮን ግብ ያደርጋል፤ እኔ ናይትሬቱን 5፣ ፎስፌቱን 0.05 አካባቢ እይዛለሁ፣ ፎስፌቱ ከ0.03 በታች ከወረደ የካርቦኑን መጠን በግማሽ እቀንሳለሁ። አልካሊኒቲውን ከ8 አላሳልፍም። አቼቶውን በቀን ብርሃን ሰዓት ብቻ፣ በፓምፕ ከፋፍዬ እሰጣለሁ። በማጣሪያ ዕቃ ውስጥ የሚቀመጡትን የካርቦን እንክብሎች ለጀማሪ አልመክርም፤ ችግር ሲመጣ የፈሳሹን ያህል በቶሎ መቀነስ አይቻልም። ከጫፋቸው ሥጋ የተገፈፉት የተረፉ አክሮፖራዎች በራሳቸው አጽም ላይ ተመልሰው ለብሰዋል፤ ሰማያዊው አሁን ከቀድሞው ይበልጥ ደማቅ ነው፣ አልካሊኒቲንም በየሳምንቱ መጠኑን ከፍ እያደረግሁ እንድተካለት ያስገድደኛል።

ካርቦን ለጀመረ ሰው ሌላው ከባድ ነገር ማቆም ነው። የባክቴሪያው ብዛት በየቀኑ በሚገባው ምግብ ልክ ስለሆነ፣ ከላይ እንደተናገርሁት ያለ አደጋ ካልደረሰ በስተቀር ድንገት አታቋርጡ፤ በሳምንታት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ አውርዱት። ቤት የሚጠብቅላችሁ ሰው ሲሪንጅ እንዲይዝ አታድርጉ፤ ፓምፑ ይሥራ፣ እሱ ዓሣውን ብቻ ይመግብ። እኔ ከጉዞ ስመለስ ፎስፌቱን ለክቼ ውጤቱን ሳላይ የአቼቶውን መጠን አልነካም።