ካልሳይትን በቢላ መንታ ማድረግ፦ አሠራሩና ምክንያቱ

መንታ ክሪስታል ሁለት ድንጋዮች በአጋጣሚ ተጣብቀው የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መንታ የሚባለው ግን የአንድ ማዕድን ሁለት ክፍሎች አንድን የአቶም ንጣፍ ተጋርተው፣ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ሆኖ ወይም በአንድ ዘንግ ዙሪያ ዞሮ ሲቆም ነው። ይህን ለመረዳት ራስ ሠርቶ ማየትን የሚያህል የለም። እኔ የምሠራው ጀርመናዊው የማዕድን ተመራማሪ ባውምሃወር እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳየው ዘዴ ነው፤ በዋናነት የሚያስፈልገው ጥርት ያለ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) እና የገበታ ቢላ ነው።

ካልሳይት በሦስት አቅጣጫ ለስልሶ ስለሚሰነጠቅ ቁራጩ ወደ ጎን ያዘመመ ሳጥን ይመስላል። ርዝመቱ ከ6 እስከ 8፣ ስፋቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነውን እመርጣለሁ። ወደ ብርሃን ሳዞረው ውስጡ የቀስተ ደመና ቀለም ካሳየ ስንጥቅ አለበት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሲጫኑት ከመንሸራተት ይልቅ ስለሚሰበር አልጠቀምበትም።

ዋናው ሥራ ጠርዙን መለየት ነው። የሳጥኑ ገጾች የሚገናኙት በግማሾቹ ጠርዞች ላይ በ105፣ በቀሩት ላይ በ75 ዲግሪ ግድም ነው። የምንፈልገው ዝርጡን፣ ማለትም ባለ 105ቱን ነው። አንዱን ዝርጥ ጠርዝ ብረት ሰሌዳ ላይ አስተኝቼ ጎንና ጎኑን በፕላስቲሲን (ልጆች ቅርጽ በሚሠሩበት ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር) እደግፋለሁ። ያኔ ትይዩው ዝርጥ ጠርዝ ከላይ ይሆናል። የዚህ የላይኛው ጠርዝ አንደኛው ጫፍ ሦስት ዝርጥ ማዕዘኖች የሚገናኙበት ነው፤ ቢላውን ከዚህ ጫፍ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ርቄ፣ ስለቱን ለጠርዙ ቀጤ ነክ አድርጌ አሳርፈዋለሁ። መከላከያ መነጽር አድርጎ ቀስ እያሉ፣ ሳያቋርጡ መጫን ነው። በመዶሻ መምታት አይሆንም፤ ድንገተኛ ምት ስንጥቅ ይከፍታል እንጂ አያንሸራትትም።

ሲሳካ ቢላው እንደ ሽብልቅ እየገባ በእሱና በጫፉ መካከል ያለውን ክፍል ወደ ጫፉ ይገፋዋል። የጫፉ ገጽ የላይኛው ክፍል 38 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል፤ የታጠፈው ገጽም እንደ መጀመሪያው ልሙጥ ነው። መብራት ሥር ቀስ ብዬ ሳዞረው የታጠፈውና ያልታጠፈው በአንድ ጊዜ አያበሩም፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የምፈልግ ከሆነ ቁራጩን እሰነጥቀዋለሁ፦ ስንጥቁ የሁለቱ መንታ ክፍሎች ወሰን ላይ ሲደርስ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ክሪስታሉ እዚያ አቀማመጡን ቀይሯልና።

ካልተሳካ በአብዛኛው ምክንያቱ የቢላው ቦታ ነው። ይህ መንሸራተት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ፣ በተቃራኒው ጫፍ በኩል የቱንም ያህል ቢጫኑ መንታ አይወጣም፤ ድንጋዩ ይደቅቃል። በባለ 75ቱ ጠርዝ ላይ መጫንም ያው ነው። በትንሽ ኃይል ብቻ ሲጫኑ ደግሞ ቀጭን መንታ ብቅ ብሎ ቢላው ሲነሳ ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል።

ምስጢሩ ወሰኑ ላይ ነው። እያንዳንዱ የአቶም ንጣፍ ከሥሩ ባለው ላይ በተወሰነ ልክ ይንሸራተታል፣ የካርቦኔት ቡድኖችም (አንድ ካርቦንና ሦስት ኦክስጅን የያዙት) አብረው ይዞራሉ፤ መጨረሻ ላይ ያው የካልሳይት አደራደር ይገኛል፣ አቅጣጫው ብቻ ተለውጧል። ወሰኑ ላይ ያሉት አቶሞች ጎረቤቶቻቸው ብዙም አልተቀየሩባቸውም፤ ስለዚህ መንታ መሆን የሚጠይቀው ጉልበት ትንሽ ነው። ሁሉም ማዕድን ይህ ዕድል የለውም። አደራደሩ አንድን ሲሜትሪ (ሲዞር ወይም በመስታወት ሲታይ ያው ሆኖ መገኘትን) ሊያሟላ ጥቂት የቀረው ማዕድን ነው በቀላሉ መንታ የሚሆነው። ሲሜትሪው ሙሉ በሙሉ ካለ ግን በዚያ ሕግ፣ ማለትም ሁለቱ ክፍሎች በሚዛመዱበት ደንብ፣ መንታ ሊኖር አይችልም፤ ዞሮም የሚገኘው ያው ክሪስታል ነውና። ፌልድስፓር ከሚባሉት የዓለት ማዕድናት አንዱ የሆነው ፕላጂዮክሌዝ አልባይት በሚባለው የመንታ ሕግ ደጋግሞ መንታ ሲሆን ሌላው ፌልድስፓር ሳኒዲን በዚያው ሕግ የማይሆነው ለዚህ ነው፦ ለፕላጂዮክሌዝ የመንታው ወሰን የሆነው ንጣፍ ለሳኒዲን የራሱ የመስታወት ገጽ ነው።

ጫና አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ጂፕሰም በእርግብ ጅራት ቅርጽ፣ ስቶሮላይት በመስቀል ቅርጽ መንታ የሚሆኑት እያደጉ ሳሉ ነው። አዲስ የሚያርፉ አቶሞች በትክክለኛው ፈንታ በመንታው አቀማመጥ ሲደረደሩ የሚያጡት ጥቂት ስለሆነ ዕድገቱ በዚያው ይቀጥላል። ሦስተኛው መንገድ ቅዝቃዜ ነው። ኳርትዝ በተራ የአየር ግፊት ከ573 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ሲሜትሪው ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ክፍል በ180 ዲግሪ ከሚለያዩት ሁለት አቀማመጦች አንዱን ይይዝና የዶፊኔ መንታ ይፈጠራል። ይህ መንታ እንደ ካልሳይቱ የታጠፈ ገጽ ስለሌለው መብራት ሥር ማዞር አይጠቅምም፤ ተራ አጉሊ መነጽርም አያሳየውም።