ባለ ምሰሶ የሠርግ ኬክ፦ አቋቋሙና ጌጡ

ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ በምሰሶ ለያይቶ ማቆም ከጌጡ በፊት የክብደት ጉዳይ ነው። የላይኛውን የሚሸከመው የታችኛው ኬክ ሳይሆን፣ ኬኩን በስተው ዘልቀው ከሥሩ ያለው ጣውላ ወይም ሳህን ላይ የሚያርፉት የምሰሶዎቹ እግሮች ናቸው።

የሠራሁት በ35፣ በ25 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነው፤ የእያንዳንዱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር። የ25ቱ ባለ 30፣ የ15ቱ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ሳህን ላይ ተቀመጡ፤ ሳህኑ ካልሰፋ የግርጌ ጌጥ የሚያርፍበት ቦታ አይተርፍም። ለመሠረቱ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) በፎይል ሸፈንኩ። ካርቶን ሲያነሱት ይጎብጣል፤ ያኔ ክሬሙ ይሰነጠቃል፣ እግሮቹም ያዘማሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለምትበልጥ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ኬኩ ቶሎ ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል። ለቆላ የተጻፈ አዘገጃጀት 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሲል እኔ ሦስት አራተኛውን ብቻ እጨምራለሁ፣ የምድጃውንም ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ አደርጋለሁ። የቀረውን ጉብታ በጥርሳም ቢላዋ መቁረጥ ነው።

ምሰሶዎቹ 23 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው፣ ለአንድ ፎቅ 4። 10 ሴንቲ ሜትሩ ኬኩ ውስጥ ይገባል፣ 13ቱ ይታያል። ቦታቸውን በዓይን መገመት አያዋጣም፤ ከሳህኑ ሥር ያሉትን፣ ምሰሶው የሚገጠምባቸውን ጉጦች ክሬሙ ላይ አስነክቼ ምልክት አወጣለሁ። ከዚያ ክሬሙ በፍሪጅ ከጠነከረ በኋላ ጣውላውን ወይም ሳህኑን እስኪነኩ ቀጥ አድርጌ እሰዳቸዋለሁ። አንዱ ካዘመመ ክብደቱ ወደ ጎን እየገፋ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ አዳራሹ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። በፎንዳንት (ተዳምጦ ኬክ ላይ በሚለበጥ የስኳር ሊጥ) ለተሸፈነ ኬክ መጀመሪያ በቢላዋ ጫፍ መስቀል መቅደድ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ፎንዳንቱ ተጨማዶ አብሮ ይሰምጣል።

የጌጡ ቁልፍ ክፍፍሉ ነው። ወረቀት በኬኩ ዙሪያ ጠቅልዬ ለ8 አጠፍኩት፦ የታችኛው ዙሪያ 110 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱ ክፍል 13.7 ገደማ፣ የመካከለኛው 9.8፣ የላይኛው 5.9 ይሆናል። ሦስቱም ለ8 ስለተከፈሉ የተንጠለጠሉት የክሬም ቅስቶች መጋጠሚያ ከምሰሶዎቹ ትይዩ ይውላል። አንዱን ለ7 ቢከፍሉት ምሰሶው ቀጥ ብሎም የተጣመመ ይመስላል። የቱቦዎቹን ቀዳዳ በትናንሽ የክሬም ነጠብጣቦች ከበብኩ፤ ለግርጌው ባለ ኮከብ አፍ ኖዝል (የክሬም መጭመቂያ ጫፍ) በቂ ነው።

በምሰሶዎቹ መካከል ፏፏቴ ማስቀመጥ የሚወዱ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ርጭቱ ስኳሩን ያሟሟዋል። አጭር የጽጌረዳ እቅፍ ይበልጣል፣ ግን ከአበባ እርሻ የሚመጣ ጽጌረዳ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል ግንዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በራሱ ሳህን ይቀመጥ እንጂ ኬኩ ላይ አይሰካ።

ፎቆቹ በየካርቶናቸው ተለያይተው ይጓዛሉ፤ ተገጣጥሞ በመኪና የሄደ ኬክ በአንድ ፍሬን ያልቃል። በድንኳን ሠርግ መሬቱ ወጣ ገባ ነውና ጠረጴዛውን በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ ከታች ወደ ላይ እየገጠሙ በየሳህኑ ደግሞ መለካት ግድ ነው። ሙሽሮቹ የታችኛውን በሁለት ምሰሶ መካከል፣ ከጠርዙ በኩል ይቁረጡ። ለአስተናጋጆቹ ደግሞ ማከፋፈሉ ከላይኛው ፎቅ እንዲጀመር፣ 8ቱ ምሰሶና 2ቱ ሳህን ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣሉ አስቀድሞ መንገር ነው።