ሌክቸሩ ሲያልቅ ቶሎ አትውጡ

ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ በር ላይ «ለሁሉም ክፍት» የሚል የሌክቸር ማስታወቂያ አይተው ዝም ብለው የሚያልፉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ተማሪ አይደለሁም፣ መታወቂያ የለኝም፣ ማን ያስገባኛል ይላሉ። ኧረ ያስገባሉ! እንዲያውም አዳራሹ ሳይሞላ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ አዘጋጆቹም ከግቢው ውጭ ሰው ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። አብዛኛው በነጻ ነው፤ ቢበዛ አስቀድማችሁ ተመዝገቡ ይሏችኋል።

እኔ ግን ሂዱ የምለው ለሌክቸሩ ብቻ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አንዳንዱ ሌክቸር ያስተኛል። ስላይዱን ከላይ እስከ ታች የሚያነብልን ፕሮፌሰር የትም አይጠፋም። ዋናው ነገር ያለው ከሌክቸሩ ጋር አያይዘው በሚያዘጋጁት ማሳያ ላይ ነው። በሌላ ቀን ተቆልፎበት የሚውለው ነገር፣ ብራናው፣ የድሮ ካርታው፣ የደራሲው ረቂቅ፣ ያን ቀን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ወይም መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ግን ጭብጨባው እንዳለቀ ወደ በሩ ይጋፋል። ያናድደኛል።

የቻርለስ ዳርዊንን ማስታወሻ ደብተር እንውሰድ። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ነው ያለው። በ1837 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ገጽ ላይ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ዛፍ በብዕር ሞነጫጨረ፤ ሕያዋን ሁሉ እንዴት እንደሚዛመዱ ለራሱ ሊያስረዳ ሲሞክር ነው። ከላዩ «ይመስለኛል» ብሎ ጽፏል። በቃ፣ ያን ያህል ብቻ። ስለ ዝግመተ ለውጥ የፈለገውን ያህል ቢነገራችሁ፣ ሰውዬው ገና እርግጠኛ ሳይሆን የጫረውን መስመር እንደማየት አይሆንም። ይህ ደብተር ከሌላ አንድ ደብተር ጋር ጠፍቶ ነበር፤ ላይብረሪው በ2020 ሳይሰረቅ አይቀርም ብሎ ለሕዝብ ተናገረ። በመጋቢት 2022 ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ ሮዝ የስጦታ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ወለል ላይ ተገኘ፣ መልካም ፋሲካ ከሚል መልእክት ጋር። ከዚያ ምን አደረጉ? መልሰው አልደበቁትም። በዚያው ዓመት በነጻ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ አሳዩት። ልብ ይበሉልኝ።

እዚያው ካምብሪጅ ከካይሮ የአይሁድ ምኩራብ የመጣ ከ190,000 በላይ ቁርጥራጭ ጽሑፍ አለ። የአምላክ ስም ሊኖርበት ይችላል ተብሎ የተጻፈ ነገር አይጣልም ነበርና ለዘመናት አንድ ክፍል ውስጥ ሲከማች ኖረ። እኔን የሚገርመኝ ቅዱሳት መጻሕፍቱ አይደሉም። የጋብቻ ውል አለ፣ የነጋዴ ደብዳቤ አለ፣ ፊደል የሚቆጥር ልጅ የተለማመደበት ወረቀት ሳይቀር አለ።

ማሳያው ክፍል ለምን ጨለም እንደሚል የሚጠይቅ አይጠፋም። ብርሃን ቀለምንና ወረቀትን ይበላል፣ የተበላው ደግሞ አይመለስም፤ ስለዚህ በቀላሉ ለሚጎዱ ነገሮች ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ይይዛሉ። ፍላሽ የሚከለክሉትም፣ ገጽ የሚያገላብጡትም ለዚሁ ነው። ኤግዚቢሽኑ ወራት የሚቆይ ከሆነ ሁለቴ ሂዱ፣ ሌላ ገጽ ተከፍቶ ልታገኙ ትችላላችሁ። አሜሪካ ያለው፣ በ1963 የተከፈተው የዬል ዩኒቨርሲቲው ባይነኪ ላይብረሪ የመጽሐፉ ክፍል ጭራሽ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ነጭ እብነ በረድ ነው፣ የፀሐዩ ብርሃን በእሱ ውስጥ ለዝቦ ይገባል። በአውሮፓ በማተሚያ መሣሪያ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ የሆነው የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስም እዚያ ለማንም ጎብኚ ይታያል።

ፊልም ላይ የምናየው ነጭ ጓንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለፊልም ነው። ለአሮጌ ወረቀትና ለብራና ታጥቦ የደረቀ ባዶ እጅ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ጓንት ሲለበስ ጣት የሚነካውን በደንብ አያውቅም፣ ቅጠሉ ሊቀደድ ይችላል። ጓንት በተለይ የሚያስፈልገው የድሮ ፎቶግራፍ ሲነካ ነው።

እና ሌክቸሩ ሲያልቅ ጠረጴዛው አጠገብ የቆመውን ባለሙያ ፈልጉት። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን መግለጫ ማንበብ ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀቱ የሚነግራችሁ ርዕስና ዘመን ነው። ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይሄ እንዴት እዚህ ደረሰ?» እና «ለምን ይሄን ገጽ ከፈታችሁት?» የመጀመሪያው አንዳንዴ ያሳፍራቸዋል፣ ምክንያቱም ከጦርነትና ከቅኝ ግዛት ጋር የመጣ ስብስብ ትንሽ አይደለም። ቢሆንም ይጠየቅ። ሁለተኛውን ከጠየቃችሁማ ሰውዬው ዓይኑ ይበራል፣ ከኅዳጉ ላይ የሆነ አንባቢ የጻፈውን ስድብ ወይም የትል ቀዳዳውን እያሳየ አይለቃችሁም።

ካያችሁት ውስጥ አንዱ ልባችሁን ከገዛው፣ በሌላ ቀን ንባብ ክፍሉ ውስጥ አስወጥታችሁ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ለውጭ ሰውም መታወቂያ አይተው ይመዘግባሉ፣ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ብቻ ነው። ቦርሳ ውጭ ይቀራል። ብዕርም አይገባም፣ እርሳስ ያዙ።