ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ሳየው

አዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ሙዚየም ይወሰዳል። እኔ ግን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውሰዱኝ አልኩ።

ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ሕንፃው በቡልጋሪያ መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው። ኮሪደሩ ላይ ስቆም ከአንዱ ክፍል ፒያኖ፣ ከሌላው ማሲንቆ ይሰማኛል። አንዱ ተማሪ ያችኑ መስመር ይደጋግማል። ይስታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል።

የስሙ ባለቤት ትዝ አለኝ። ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. አክሱም እንደተወለደ ይነገራል። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ፣ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀች የምትነሳውን ትል አይቶ ወደ አጎቱ ወደ አባ ጌዴዎን መመለሱን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። እኔን ከዚያ በላይ የሚነካኝ የጦሩ ታሪክ ነው። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በጣም ተመሰጡ። የያዙትን ጦር ሳያውቁት እግሩ ላይ ተከሉት። ደሙ ፈሰሰ። ዜማው እስኪያልቅ ግን ወጊውም ተወጊውም ልብ አላሉም። ስለ ሙዚቃ ኃይል ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አላውቅም።

በቤተ ክርስቲያን ሊቅ ስም በተጠራ ቤት ፒያኖና ቫዮሊን ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም። አልስማማም። ያሬድ ዜማን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ በሥርዓት የለየ ሰው ነው። በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው፣ ለያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ምልክት አበጅተው ከቃሉ በላይ ጻፉለት። ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያለ ዜማን ከብራና የሚያነብ መሪጌታ ያለው አገር ነው። ኖታ የሚያነብ ተማሪ በያሬድ ስም ሥር ቢቀመጥ እንግዳ አይደለም።

ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ የዚህ ቤት ልጅ ነው። ሙዚቃን የጀመረው በክራር ነበር። እዚህ ፒያኖ ተማረ፣ ከዚያ ወደ ቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፍያ ሄደ፣ የአገራችንንም ዜማ በፒያኖ ለዓለም አሰማ። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ደግሞ እዚህ አስተምረዋል። በገናና ፒያኖ በአንድ ጣሪያ ሥር መሰማታቸው በጣም ደስ ይለኛል።

የምትሄዱ ከሆነ ክረምቱን ተዉትና ተማሪ ባለበት ጊዜ ሂዱ። ቢቻላችሁ ከግንቦት 11፣ ከቅዱስ ያሬድ በዓል፣ ጋር አስማሙት። ማኅሌቱን በያሬድ ቤተ ክርስቲያን ቁሙ፤ በዚያው ሰሞን ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ በሉ።